የብረት መዝገብ፦ ደብተር፣ ቴሌግራም ወይስ አፕ?

ጂም በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ሦስት ደብተር ሞልቼ ነበር። አንድም ቀን አልዘለልኩም ማለት ይቻላል፤ ቀኑ፣ እንቅስቃሴው፣ ክብደቱ፣ ድግግሞሹ፣ ሁሉም በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ ከፍራሽ ሥር አወጣኋቸውና ማገላበጥ ያዝኩ። ቤንች (አግዳሚ ላይ በጀርባ ተጋድሞ ባር ወደ ላይ መግፋት)፦ ጥቅምት 60 ኪሎ ለ8፣ ማለትም ስምንት ጊዜ። ኅዳር 60 ለ8። ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ ያው 60፣ ያው 8። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አምስት ወር ሙሉ፣ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ ግን አላየሁትም። በየቀኑ አዲስ ገጽ እየገለጥኩ ስለምጽፍ ያለፈው ገጽ ምን እንደሚል ተመልሼ አንብቤ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ አሁን ሰው መጥቶ “ምን ላይ ልመዝግብ?” ሲለኝ ስለ መጻፉ ብዙም አልጨነቅም። መጻፍ በሁሉም ላይ ይቻላል። የምጠይቀው፦ ባሩን (ክብደት የሚሰካበትን ረጅም ብረት) ከመያዝህ በፊት የባለፈውን ቁጥርህን ቶሎ፣ በላበው እጅህ፣ ሳትፈልግ ሳትደክም የምታገኘው የቱ ላይ ነው? ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ያወዳደርኳቸው በዚህ ሚዛን ነው። ውበቱም ዋጋውም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ምን ይጻፋል?

በየትኛውም ላይ ብትመዘግቡ አንድ መስመር ይበቃል። የእኔ እንዲህ ነው፦

መጋቢት 12፣ ቤንች 60 – 8፣ 8፣ 6 (1)

60 ኪሎ፣ ሦስት ዙር፤ መጀመሪያ ስምንት፣ ቀጥሎ ስምንት፣ በመጨረሻ ስድስት። በቅንፍ ያለው ቁጥር የመጨረሻውን ዙር ሳቆም ጉልበቴ ስንት ድግግሞሽ ይቀረው እንደነበር ነው። ፓወርሊፍቲንግ (በስኳት፣ በቤንችና በዴድሊፍት ከባድ ክብደት የማንሳት ውድድር) የሚሠሩ ሰዎች ይህንኑ ከ10 በሚሰጥ ነጥብ ይጽፉታል፤ 9 ካሉ አንድ ይቀረኝ ነበር ማለት ነው፣ 8 ካሉ ሁለት። እኔ ቀሪውን በቀጥታ መጻፍ ይቀለኛል።

“ዙር” ማለቴን ልብ በሉልኝ። የእንግሊዝኛው ቃል (set) በፊደላችን ሲጻፍ ሌላ ነገር ይሆናል። አንድ ጓደኛዬ የጂም ግሩፕ ላይ “ሁለት ሴት ቀርቶኛል፣ ጨርሼ እመጣለሁ” ብሎ ጽፎ ሳምንቱን ሙሉ ሲስቁበት ከረሙ።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰንፈው ብዙ ሲጽፍ ነው። የእንቅልፍ ሰዓት፣ የጠጣው ውሃ፣ የበላው እንቁላል፣ ስሜቱ ከ5 ስንት፤ በአንደኛው ሳምንት ሁለት ገጽ፣ በሦስተኛው ሳምንት ባዶ። የሰውነት ክብደት በሳምንት አንዴ ጻፉ፣ የሚያም ቦታ ካለ ጻፉ፣ ሌላውን ተዉት።

ይህ ቁጥር የመያዝ ነገር የሰሞኑ ፋሽን አይደለም። በ1940ዎቹ ቶማስ ዴሎርም የሚባል የአሜሪካ ጦር ሐኪም ቺካጎ በሚገኝ ወታደራዊ ሆስፒታል የተጎዱ ወታደሮችን ጉልበትና ጭን በክብደት ያጠነክር ነበር። ታካሚው አሥር ጊዜ ብቻ ሊያነሳው የሚችለውን ክብደት ይለካል፣ ልምምዱን በዚያ ላይ ይሠራል፣ ጡንቻው ሲበረታ ደግሞ ለክቶ ይጨምራል። በ1945 ያሳተመው ይህ አሠራር ነው ዛሬ ሁላችንም የምንሠራው “ሦስት ዙር በአሥር” የመጣበት አንዱ ምንጭ። ሐኪሙ የባለፈውን ቁጥር ሳያውቅ የዛሬውን ማዘዝ አይችልም ነበር። እኛም ያው ነን።

ደብተር

ወደ ደብተር ማድላቴን አልደብቅም። ባትሪ አያልቅበትም፣ መልእክት አይገባበትም፣ ወለል ላይ ቢወድቅ አይሰበርም። ግን ደብተር ስል ሁለት የተለያየ ነገር ማለቴ ነው፤ እኔን አምስት ወር ያቃጠለኝም ልዩነታቸው ነው።

አንደኛው በቀን የሚሄድ ነው። ገጽ ትገልጣላችሁ፣ ቀኑን ከላይ ትጽፋላችሁ፣ የዚያን ቀን ሥራ ከሥሩ ትደረድራላችሁ። ሁሉም ሰው ሳያስብ የሚጀምረው በዚህ ነው፤ የማስታወሻ ወግ ነዋ። ጉዳቱ የባለፈውን ቤንች ለማየት ስኳቱን (ባር ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጭ ብድግ ማለት)፣ ጀርባውን፣ ትከሻውን አልፋችሁ አራት ገጽ ወደ ኋላ መሄድ አለባችሁ። በሁለት ዙር መካከል ማን ይህን ያደርጋል?

ሁለተኛው በእንቅስቃሴ የሚሄድ ነው። ለቤንች አንድ ገጽ፣ ለስኳት አንድ ገጽ፣ ለዴድሊፍት (ባሩን ከወለል አንስቶ መቆም) አንድ ገጽ። በሠራችሁ ቁጥር ከነበረው ሥር አንድ መስመር ትጨምራላችሁ። የተማሪ ደብተር ገጽ ሃያ አምስት መስመር ገደማ አለው፤ ቤንች በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚሠራ ሰው ሦስት ወሩን በአንድ ገጽ ላይ ያያል ማለት ነው። እዚያ ላይ 60 – 8 ስድስት ጊዜ ተደርድሮ ሲታይ ያፈጥባችኋል። እኔ አራተኛውን ደብተሬን በዚህ መልክ ጀምሬ በሦስተኛው ሳምንት ነው ክብደት የጨመርኩት። አዲስ ፕሮግራም አልያዝኩም፣ ፕሮቲን አልገዛሁም። ገጹ አሳፍሮኝ ነው።

ባለ 50 ሉክ ደብተር መቶ ገጽ ስላለው ለአሥር እንቅስቃሴ አሥር አሥር ገጽ ይደርሳል፤ ያ ከሁለት ዓመት በላይ ነው። ገጾቹን ቶሎ ለማግኘት ጠርዛቸው ላይ ትንሽ ወረቀት በስቴፕለር ምቱና የእንቅስቃሴውን ስም ጻፉበት። ሽፋኑን ልክ እንደ ተማሪ በላስቲክ ሸፍኑት፣ ላብ ይገባል። እርሳስ ከእስክሪብቶ ይሻላል፤ እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ይቀድዳል ወይም አይጽፍበትም።

የደብተር ትልቁ አደጋ መጥፋት ነው። ቤንቹ ሥር ትረሱታላችሁ፣ ማታ የሚጠርገው ልጅ ከላስቲክ ጠርሙስ ጋር ይጥለዋል። በየሳምንቱ መጨረሻ ገጾቹን በስልክ ፎቶ ማንሳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሌላው ጉድለቱ ሒሳብ አይሠራላችሁም፤ ግራፍ የሚወድ ሰው በደብተር አይረካም።

ቴሌግራምና የስልክ ማስታወሻ

በዙሪያዬ አብዛኛው ሰው የሚጽፈው ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅስ ላይ ነው። ስልኩ በእጅ ነው፣ መተግበሪያው ተከፍቷል፣ ለራስ መላክ ነው። ችግሩ የቀን ደብተር ዓይነት መሆኑ ነው፤ የቤንቹ ቁጥር በዘፈን፣ በቤት ኪራይ ደረሰኝና በቪዛ ፎርም መካከል ይቀበራል። መድኃኒቱ ሃሽታግ ነው። መስመሩን በ #ቤንች ጀምሩ፤ ሲነኩት ቤንች የተባለው ሁሉ ተሰብስቦ ይመጣል። አጻጻፉን አትቀያይሩ እንጂ፤ አንዴ #ቤንች አንዴ #ቤንችፕሬስ ካላችሁ ታሪካችሁ ለሁለት ይከፈላል።

ጥሩ ጎኑ ስልኩ ቢሰረቅም መዝገቡ አይሰረቅም፤ በአዲስ ስልክ ስትገቡ ያው ይጠብቃችኋል። መጥፎው ኔትወርክ ነው። ምድር ቤት ያለ ጂም ውስጥ የቆየ መልእክት ፍለጋ ክብ ምልክቱ ሲሽከረከር ዙሩ ያልፋል። ከዚያ የባሰው ግን ቴሌግራም መሆኑ ነው። ቁጥር ልትጽፉ ከፍታችሁ የአንድ ሰው ድምፅ መልእክት ታያላችሁ፣ ትሰማላችሁ፣ ትመልሳላችሁ፤ የሁለት ደቂቃ ዕረፍት ዘጠኝ ደቂቃ ይሆናል፣ ቤንቹን የሚጠብቀው ሰውዬም ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ስልክ ላይ ካልቀረ በስልኩ የራሱ ማስታወሻ ተጠቀሙ። ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንድ ማስታወሻ፣ አዲሱ መስመር ከላይ። ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል፣ ሲከፈት የመጀመሪያው መስመር የባለፈው ቁጥር ነው። በኔ ሚዛን ከቴሌግራም ይበልጣል፤ ብቻ ከጎግል ወይም ከአይክላውድ አካውንት ጋር መያያዙን አረጋግጡ።

የጓደኞች ግሩፕስ? ጂም ለመቅረት ሰበብ የሚፈልግ ሰው ከሆናችሁ ይሠራል። አምስት ሰው “ዛሬ የት ነህ?” ሲል መቅረት ያሳፍራል። እኔ ግን ግሩፕ ላይ ቁጥር መለጠፍ የጀመርኩ ሰሞን ስኳቴ በአንድ ወር አሥራ አምስት ኪሎ “አደገ”፤ ጉልበቴ ግን ከወትሮው ግማሽ ያህል ብቻ ነበር የሚታጠፈው። መገኘትን ለግሩፑ ንገሩ፣ ቁጥሩን ለራሳችሁ ያዙ።

አፕ

ሐቁን ለመናገር የባለፈውን ቁጥር በማሳየት አፕን የሚስተካከል የለም። ስትሮንግ፣ ሄቪ ወይም ፊትኖትስ ላይ እንቅስቃሴውን ስትከፍቱ የባለፈው ክብደትና ድግግሞሽ እዚያው ይቀርብላችኋል። ዕረፍቱን ይቆጥራል፣ ግራፍ ይሥላል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልታነሱት የምትችሉትን ክብደት ይገምታል።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው አፕ አይዝም? አንደኛ፣ የእንቅስቃሴዎቹ ዝርዝር በእንግሊዝኛ ነው፤ ለአንድ ቤንች ብቻ በባር፣ በዳምቤል፣ በማሽን፣ በጠባብ አያያዝ እየተባለ ብዙ ስም አለ። ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን የነካ ሰው ግራፉ ሁለት ቦታ ይቆረጥና እድገት የለኝም ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሁለተኛ፣ ክፍያ። ነጻው ክፍል ለብዙ ሰው ይበቃል፤ ካልበቃ ግን ከኢትዮጵያ ሆኖ በውጭ ካርድ መክፈል ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ውጭ ያለ ወንድም ወይም እኅት ማስቸገር ሊመጣ ነው። ሦስተኛ፣ ጭብጨባው ርካሽ ነው። ብዙዎቹ አፖች የክብደት ሪከርድ፣ የድግግሞሽ ሪከርድ፣ የጠቅላላ ጭነት ሪከርድ እያሉ ለየብቻ ስለሚቆጥሩ በየቀኑ ማለት ይቻላል አንድ ሜዳሊያ ይወድቅላችኋል። በሁለተኛው ወር ሜዳሊያው ምንም አይመስላችሁም።

ከሦስቱ ለአንድሮይድ ተጠቃሚ ፊትኖትስን እመርጣለሁ፦ አካውንት አይጠይቅም፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ መዝገቡን በፋይል አውጥታችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። መልኩ ያረጀ ነው፣ ቢሆንም። ሄቪ የሰዎችን ሥራ እንደ ፌስቡክ ያሳያል፤ የሚያነሳሳው ሰው አለ፣ እኔን ግን ከላይ እንደነገርኳችሁ ወደ ውሸት ነው የሚወስደኝ። የቱንም ብትይዙ መጀመሪያ የምትፈትሹት አንድ ነገር ነው፦ መዝገቡን ማውጣት ይቻላል? የማይቻል ከሆነ ሁለት ዓመት ሙሉ የምትጽፉት በሰው ቤት ግድግዳ ላይ ነው።

ኤክሴልና ሌሎች

ጎግል ሺትስም ሆነ ኤክሴል የጂም ውስጥ መሣሪያ አይደሉም፤ በላበ ጣት ያቺን ትንሽ ሳጥን መንካት ያናድዳል። እሑድ ከሰዓት ቤት ተቀምጦ የሳምንቱን ደብተር ለመገልበጥ ግን ግሩም ናቸው። ቪዲዮ መዝገብ አይደለም፤ በወር አንዴ የስኳታችሁን ጥልቀት ከጎን ቅረጹና አወዳድሩ፣ ያ ይበቃል። ቤቱ ዳምቤልና ፑል አፕ ብረት ያለው ሰው ደግሞ በሩ ላይ ትልቅ ካሌንደር ሰቅሎ በሠራበት ቀን ኤክስ ቢያደርግ፣ ቁጥር ባይኖረውም፣ ማንም የቤተሰብ አባል “ትናንት አልሠራህም እንዴ?” ይለዋል።

የሠፈር ጂምና የማይታወቀው ኪሎ

ከአማራጩ በላይ መዝገብን ከንቱ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ብዙ የሠፈር ጂም ውስጥ ያለው ክብደት ምልክት የለውም፤ ሲሚንቶ የተሞላ ቆርቆሮ፣ የመኪና ማርሽ፣ በብየዳ የተሠራ ክብ ብረት ነው። “ትልቁ ጥቁር” ይባላል፣ “ባለ ቀዳዳው” ይባላል። ሃያ ነው ይሉታል፣ ማንም አልመዘነውም።

እኔ የጀመርኩበት ጂም እንዲህ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሁለት ልጆች ጋር ክብደቶቹን በጋሪ ጭነን ሠፈራችን ወዳለው ወፍጮ ቤት ወሰድናቸው። ባለ ወፍጮው ጋሼ መጀመሪያ ጤፍ አምጥተን መስሏቸው ነበር፤ ካስረዳናቸው በኋላ እየሳቁ ሚዛኑን ጠረጉልን። “ሃያ” የተባለው አንዱ 17 ኪሎ ተኩል፣ ጥንዱ የተባለው ደግሞ 19 ወጣ። ስንት ወር አንድ ወገን እየከበደን የአነሳስ ፎርማችን ነው የተበላሸው ስንባባል ነበር! በነጭ ቀለም ትክክለኛውን ጻፍንባቸው። ባሩንም መመዘን አትርሱ። የኦሊምፒክ ክብደት ማንሳት ውድድር ባር ለወንዶች 20 ኪሎ፣ ለሴቶች 15 ኪሎ ነው፤ ከውሃ ቧንቧ የተሠራው ግን የፈለገውን ሊሆን ይችላል። መመዘን ካልቻላችሁ “ትልቁ ጥቁር ሁለት፣ 8፣ 8፣ 6” ብላችሁ ጻፉ፤ የማታውቁትን ኪሎ ከመገመት ይሻላል፣ ቢያንስ ከራሱ ጋር ይወዳደራል።

ፓውንድም ሌላ ጣጣ ነው። አሜሪካ ጂም የለመደ ሰው “ሁለት ሁለት ፕሌት እገፋለሁ” ሲል በባሩ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ባለ 45 ፓውንድ ክብ ብረት ማለቱ ነው፣ 225 ፓውንድ፤ ባሩን ጨምሮ 102 ኪሎ። ከውጭ ተጠቅመውበት የመጣ ዕቃ ባለባቸው ጂሞች 45 ፓውንድና 20 ኪሎ ፕሌት ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ 45ቱ 20.4 ኪሎ ስለሆነ ትንሽ ነው ልዩነቱ፣ ግን አፑ በፓውንድ ተስተካክሎ እናንተ በኪሎ ካስገባችሁ መዝገቡ አለቀለት። መጀመሪያ ቀን አስተካክሉት።

ሲነበብ

ቁጥር የማያድግበት ወቅት ይመጣል። ጀማሪ ስኳት ላይ በየጊዜው 2.5 ኪሎ ሲጨምር መዝገብ ባይኖረውም ይደሰታል። መዝገቡ የሚያስፈልገው ያ ሲያልቅ ነው። ባለፈው 60 ኪሎ ለ8፣ 8፣ 6 ሠርታችሁ ዛሬ 8፣ 8፣ 8 ከሠራችሁ፣ ሰውነታችሁ “ያው ነው” ይላችኋል። ገጹ ግን ሁለት ድግግሞሽ ጨምራችኋል ይላል፤ በጠቅላላ (ክብደቱ በድግግሞሹ ሁሉ ሲባዛ) 1,320 ኪሎ የነበረው 1,440 ሆኗል። ከዚያ 12፣ 12፣ 12 እስኪደርስ ክብደቱን ሳትነኩ ድግግሞሽ መጨመር፣ ሲደርስ 2.5 ኪሎ ጨምሮ ወደ 8 መመለስ፤ ይህ ያለ መዝገብ ፈጽሞ አይሠራም።

የተለያየ ክብደትና ድግግሞሽ ለማወዳደር ቀላል ሒሳብ አለ፦ ድግግሞሹን ለ30 አካፍሉ፣ 1 ደምሩበት፣ በክብደቱ አባዙ። 60 ኪሎ ለ10 ሲሆን 80 ይመጣል፤ 70 ለ5 ሲሆን 81.7። ሁለቱ ቀኖች ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው ማለት ነው። ኤፕሊ የሚባለው ቀመር ነው፤ አፖቹም በዚህና በመሰሎቹ ነው የሚገምቱት። ከአሥር ድግግሞሽ በላይ ሲሆን ግምቱን አትመኑት።

ደግሞ ጾም አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ወተትና ሥጋ የለም፣ አንዳንዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምስም። ረመዳን የሚጾም ሰውም ሰዓቱና ጉልበቱ ይለወጣል። በዚያን ጊዜ ቁጥር ቢወርድ ወይም ባለበት ቢቆም ምንም አይደል፤ ግን ገጹ ዳር ላይ “ጾም” ብላችሁ ጻፉ። የጾሙ ቀን በየዓመቱ ስለሚንቀሳቀስ ካልጻፋችሁት በሚቀጥለው ዓመት ስታነቡ ያ የወረደ ወር ስንፍና ይመስላችኋል። እኔ አሁን የዘንድሮን ጾም የማወዳድረው ከአምናው ጾም ጋር ነው፣ ከጥር ጋር አይደለም።

እንግዲህ የቱ?

ጀማሪ ከሆናችሁ፣ በሳምንት ሦስት ቀን አምስት ስድስት እንቅስቃሴ የምትሠሩ፦ በእንቅስቃሴ የተከፈለ ደብተር። ስልክ ጂም ውስጥ የሚያጠፋችሁ ሰው ከሆናችሁም እንደዚያው፣ ስልኩን ሎከር ውስጥ ቆልፉት። አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ እንቅስቃሴ እያፈራረቃችሁ የምትሠሩ ወይም ዕረፍታችሁን በሰከንድ የምትቆጥሩ ከሆነ አፕ፤ ደብተር ውስጥ ገጽ ፍለጋ ያደክማችኋል። ሥራ በየአገሩ የሚያዞራችሁ፣ ዛሬ ዱባይ ነገ አዲስ አበባ ጂም የምትገቡም አፕ ወይም የስልክ ማስታወሻ ያዙ፣ ኪሎና ፓውንዱን እያያችሁ። አሠልጣኝ ካላችሁ እሱ የሚያነበውን ምረጡ፤ እሱ የማይከፍተው መዝገብ ለእሱ የለም።

ከአንዱ ወደ ሌላው ስትቀይሩ የቆየውን ሁሉ ለመገልበጥ አትሞክሩ። ሁለት ቀን ይሞከርና ይተዋል፣ ከእሱ ጋር አዲሱም ይተዋል። ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሁለት መስመር ብቻ አሻግሩ፦ የመጨረሻውንና እስከ ዛሬ ምርጡን። እኔ አራተኛውን ደብተር ስጀምር የቤንች ገጽ አናት ላይ ያሻገርኩት 60 – 8 ነበር፤ የመጨረሻውም ምርጡም እሱው።